የሳፋው በረዶ

መብራት ከጠፋ ሦስት ሰዓቱ፤ ማራገቢያው ቆሟል፤
ግንቦት በሳቢያን ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ ያልበዋል።
አጎቴ ሙክታር ሽርጡን ሰብስቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ
ያመጣሁለትን መስታወት ያያል፣ ወደ ፀሐይ ገልብጦ።

«አቦ፣ ምንድነው ይኼ? ትንፋሽ የመሰለ እድፍ!»
«ዛጎል ነው አጎቴ፤ ከደቃቅ አሸዋ የረቀቀ፣
ከበረዶ ሆድ ስር ኖሮ፣ በረዶው ሲሳሳ የወደቀ፤
ከዋልታው ባሕር ወለል በረጅም ቧንቧ የሳብነው ጭቃ፣
አንዱ ክንድ አሥር ሺህ ዓመት።»

ሳቀ። አርባ ዓመት ከደቻቱ አሸዋ ያፈሰ ሰው ነው፤
ገደሉን በአካፋ ሲቆርጥ መስመር በመስመር የሚያነበው።
«ይኼ ቀዩ ከሐረር አናት፣ ይኼ ነጩ ከኖራው ተራራ፣
ይኼ ስሱ ግራጫ፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት አቧራ»
እያለ ለጫኝ ልጆች ሲያወራ
አጠገቡ ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤
ሙያዬን ስሙን ሳላውቀው እዚያ ተማርኩት።

«በረዶ ግን» አለ፣ «በረዶ ውሃ ነው፤ ምኑን ይጽፋል?
ሲቀልጥ የጻፈውን ይዞ ይጠፋል።»

ተነሣሁ። ከኢብሳ ለስላሳ ቤት ፍሪጅ፣ በዘይት ጣሳ፣
የደቻቱን ጠጠር ከውሃ ጋር አሳድሬው ነበር።
ሳፋ ሙሉ ውሃ ላይ ለቀቅኩት።
የፊርዶሳ ልጆች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከበቡን፤
አንዱ እጁን ሲሰድ አጎቴ መታው።
ዞረ። ተንሳፈፈ። እንደ እርጉዝ ከብዶ፣ አዝግሞ፣
ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው፣ ደግሞ እዚያ ቆሞ፣
ከዚያ
ቀጭ።
አንዱ ጠጠር፣ ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ታች አረፈ።

«ይኸው ጻፈ» አልኩት። «ወንዝ በማይደርስበት ጥልቀት፣
ከለስላሳው ደለል መሃል፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሳገኝበት፣
በረዶ ተሸክሞት መጥቶ እዚያ እንደቀለጠ አውቃለሁ።
የሄደው እንግዳ የጣለውን ዕቃ እቆጥራለሁ።»

ዝም አለ። ልጆቹ «ሁለት! ሦስት!» ይላሉ።
«ጭቃው ባዶ ሲሆንስ?»

«ከበረዶ ግርጌ ብቻ የሚበቅል አልጌ አለ፤
ሲሞት የሚተወውን ስብ ነው የምፈልገው፣ ቅንጣት ያህል።
እሱ ከጠፋ ነገሩ ሁለት ነው፤
ወይ በረዶ ከነጭራሹ አልነበረም፣ ባሕሩ ክፍት ነው፣ ፀሐይ ይጠጣል፤
ወይ በረዶው እጅግ ወፍሮ ብርሃን አላሳልፍ ብሏል፣ ከስሩ ያለው ታፍኗል።
ባዶው ግን አንድ ነው አጎቴ። ባዶ ባዶን ይመስላል።
ስለዚህ ሌላ ምስክር እጠራለሁ፣ በክፍት ውሃ የሚኖረውን።
እሱ ከበዛ፣ ክፍት ነበር። እሱም ከሌለ…»

«ሸምሲያ» አለ።

ከዚያ የነሐሴ ሌሊት ወዲህ ይህን ስም ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።
እህቱ። አሸዋ ገበያ ሻሽ ትሸጥ የነበረች፣
ስትስቅ አፏን በሻሽ ጫፍ የምትሸፍን።
«አሥር ዓመት ሙሉ የቆፈርኩት ለመኪና ጭነት ብቻ መሰለሽ?
አንድ አምባር። አንድ የጫማ ማሰሪያ። አንድ ክር።
ወላሂ፣ ምንም።
ወይ ውሃው እስከ በረሃው ድረስ ይዟት ሄዷል፤
ወይ እግሬ ስር ናት፣ አካፋ ከማይደርስበት።
ባዶው አንድ ነው አልሽ?»

«አንድ ነው።»

«እኔ ሁለተኛውን ምስክር ከየት ልጥራ?»

መርከቡ፣ ቧንቧው፣ ያ ሁሉ የተማርኩት
ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አልመለስኩለትም።
በረዶው ጥፍር አክሏል፤ ልጆቹ ሰልችቷቸው ሄደዋል።

እጁን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ሰደደ፤
ዳበሰ፤ አንዱን ነጭ ጠጠር መርጦ አወጣ።
«ከኖራው ተራራ ነው» አለ፣ ለራሱ።
ያ ተራራም አንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤
አልነገርኩትም።
ጉንጩ ላይ አስጠጋው፣ ዓይኑን ጨፈነ።
«በርዷል» አለ። «ገና በርዷል።»